የቂጥኝ ምርመራና ሕክምና

ቂጥኝ ትሬፖኔማ ፓሊደም በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የአባላዘር በሽታ ነው። በዋናነት የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲሆን ከነፍሰ ጡር እናት ወደ ፅንስም ይተላለፋል። በሽታው ከታወቀ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ፔኒሲሊን ለቂጥኝ ማገልገል ከጀመረ 80 ዓመት አልፎታል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ባክቴሪያውም እስካሁን አልተላመደውም። እንዲህም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አዲስ በቂጥኝ እንደተያዙ ገምቷል።

መድኃኒቱ እያለ በሽታው ያልጠፋው በአብዛኛው ስለማይታይ ነው። የመጀመሪያው ቁስል አያምም፤ ሳይታከምም ራሱ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ የተያዘው ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ቂጥኝን የመቆጣጠር ሥራ የሚመሠረተው ከመድኃኒቱ ይልቅ በምርመራው ላይ ነው፤ በተለይም ምንም ምልክት የሌላቸውን ሰዎች መርምሮ በመለየት ላይ። ይህ ሥራ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ልየታ ይባላል።

ባክቴሪያውና መተላለፊያ መንገዱ

ትሬፖኔማ ፓሊደም እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘና እጅግ ቀጭን ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። የሚራባውም በዝግታ ነው። ብዙ የታወቁ ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ሲባዙ እርሱ ግን አንዱ ሁለት ለመሆን 30 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ይህ ዝግታ ለሕክምናው ትልቅ ትርጉም አለው፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ለብዙ ቀናት ሳይቋረጥ መቆየት ይኖርበታልና።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሙሉ በሙሉ የተነበበው ዘረመሉ 1.14 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ አሉት። ለብቻው ለመኖር የሚያስፈልጉት ብዙ ነገሮች ስለሚጎድሉት የሚፈልገውን ከሰው ሕዋስ ይወስዳል። በዚህም የተነሣ ተመራማሪዎች ለምርምር የሚሆነውን ባክቴሪያ ለረጅም ዘመን ሲያቆዩ የኖሩት በጥንቸሎች ሰውነት ውስጥ ነበር። በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማሳደግ እንደሚቻል የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ለጨብጥ የሚሠራው፣ ናሙና ወስዶ ባክቴሪያውን አሳድጎ የማየት ዘዴ ለቂጥኝ በተራ ላቦራቶሪ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ባክቴሪያው የሚተላለፈው ከቁስል ጋር በሚደረግ ንክኪ ነው፤ ቁስሉ በብልት፣ በፊንጢጣ ወይም በአፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ከሰውነት ውጭ በቶሎ ስለሚሞት በሽንት ቤት መቀመጫ፣ በልብስ ወይም በመመገቢያ ዕቃ አይተላለፍም። የአባላዘር በሽታ ሙቅ ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ወይም ጨረቃ ፊት ለፊት በመሽናት ይይዛል የሚለው እምነትም መሠረት የለውም። ኮንዶም የመተላለፍ ዕድሉን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሆኖም ኮንዶሙ በማይሸፍነው ቦታ ላይ ያለ ቁስል በሽታውን ሊያስተላልፍ ስለሚችል መከላከያው ሙሉ አይደለም። ለቂጥኝ ክትባት የለም፤ አንድ ጊዜ ታክሞ የዳነ ሰውም እንደገና ሊያዝ ይችላል።

የበሽታው ደረጃዎች

ባክቴሪያው ከገባ ከ10 እስከ 90 ቀናት፣ በአማካይ በ3 ሳምንት ውስጥ፣ በገባበት ቦታ ላይ ጠርዙ ጠንከር ያለና የማያም ቁስል ይወጣል። በአካባቢው ንፍፊት ሊኖር ይችላል። ቁስሉ በማኅፀን በር፣ በፊንጢጣ ወይም በጉሮሮ ውስጥ ከሆነ ጨርሶ ሳይታይ ያልፋል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ራሱ ስለሚድን ብዙ ሰው ቅባት ቀብቶት ወይም ቤት ያለ መድኃኒት ወስዶበት የዳነ ይመስለዋል። የዳነው ግን ቁስሉ ነው፤ ባክቴሪያው በዚያን ጊዜ በደም አማካይነት በመላው ሰውነት ተሠራጭቷል።

ሁለተኛው ደረጃ ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጣ ሲሆን ዋናው ምልክቱ የማያሳክክ ሽፍታ ነው። ሽፍታው በእጅ መዳፍና በውስጥ እግር ላይ መውጣቱ ከብዙ ሌሎች የቆዳ ሕመሞች ይለየዋል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የንፍፊት ማበጥ፣ የፀጉር እዚህም እዚያም መርገፍ፣ በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ እርጥብ እብጠት አብረው ሊታዩ ይችላሉ። ይህም ሳይታከም ራሱ ይጠፋል።

ከዚያ የሚቀጥለው ስውር ቂጥኝ ነው፤ ምልክት የለውም፣ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ሳይታከሙ ከቀሩት ሰዎች መካከል ሲሶ ያህሉ ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከ10 እስከ 30 ዓመት በኋላ፣ ወደ ከባዱ ደረጃ ይደርሳሉ። በዚህ ደረጃ በሽታው ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቅዳ፣ አጥንትን፣ ጉበትን፣ አንጎልን ይጎዳል። ወደ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የገባ ቂጥኝ የአእምሮ መታወክ፣ ሽባነትና የመራመድ ችግር ያስከትላል። ነርቭ፣ ዓይንና ጆሮ ግን የግድ መጨረሻውን ደረጃ አይጠብቁም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ሊጠቁ ይችላሉ። ድንገት የማየት ወይም የመስማት ችግር የገጠመው የቂጥኝ ታማሚ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

የምርመራ ዓይነቶች

ቁስል ካለ ከቁስሉ በተወሰደ ፈሳሽ ላይ ባክቴሪያውን በቀጥታ መፈለግ ይቻላል። አንዱ ዘዴ ጀርባው ጨለማ፣ ባክቴሪያው ብሩህ ሆኖ በሚታይበት ልዩ ማይክሮስኮፕ ሲንቀሳቀስ ማየት ነው፤ ሌላው በፒሲአር ዘረመሉን መለየት ነው። ሁለቱም ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚጠይቁ በአብዛኛው የዓለም ክፍል ምርመራው የሚደረገው በደም ነው።

የደም ምርመራዎቹ ሁለት ወገን ናቸው፤ ሁለቱን ማምታታት ብዙ ስህተትና ብዙ አላስፈላጊ ድንጋጤ ያመጣል።

የመጀመሪያው ወገን ቪዲአርኤል እና አርፒአር የሚባሉትን ይዟል። እነዚህ የሚፈልጉት ባክቴሪያውን ራሱን ወይም በእርሱ ላይ ብቻ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል አይደለም። የሚፈልጉት ሰውነት በበሽታው ሲጎዳ ካርዲዮሊፒን በተባለ የቅባት ዓይነት ላይ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ጥቅማቸው መጠንን መለካታቸው ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው የደሙን ሴረም ደጋግሞ በእጥፍ እያቀጠነ እስከ የትኛው ድረስ ምላሽ እንደሚሰጥ ያያል፤ ውጤቱም 1 ለ 4፣ 1 ለ 16፣ 1 ለ 32 እየተባለ ይጻፋል። ሰውየው ሲታከም ይህ መጠን ይወርዳል፤ እንደገና ሲያዝ ይወጣል። ጉድለታቸው ደግሞ ቂጥኝ በሌለበትም አዎንታዊ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሥጋ ደዌ፣ ኤች አይ ቪ፣ ሉፐስ፣ እርጅና፣ እርግዝናም ጭምር ይህን ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው ወገን በትሬፖኔማ ላይ ብቻ የተሠሩ ፀረ እንግዳ አካላትን ይፈልጋል። ቲፒኤችኤ፣ ቲፒፒኤ እና ከጣት ጫፍ በሚወሰድ የደም ጠብታ በ20 ደቂቃ ውስጥ ውጤት የሚሰጡት ፈጣን መመርመሪያዎች የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ይበልጥ አስተማማኝ ቢሆኑም አንድ ጊዜ አዎንታዊ የሆነ ሰው በአብዛኛው ዕድሜ ልኩን አዎንታዊ ሆኖ ይቀራል። ከ15 ዓመት በፊት ታክሞ የዳነውንና ዛሬ በሽታው ያለበትን ሰው መለየት አይችሉም። በተጨማሪም በሞቃታማ አገሮች የሚገኘውን ያውስ የተባለውን የልጆች የቆዳ በሽታ ከቂጥኝ አይለዩትም፤ የሁለቱ በሽታዎች ባክቴሪያዎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

ስለዚህ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱም አዎንታዊ ከሆኑና ሰውየው ከዚህ በፊት ታክሞ የማያውቅ ከሆነ ቂጥኝ አለበት ተብሎ ይታከማል። አርፒአር አዎንታዊ ሆኖ ቲፒኤችኤ አሉታዊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሐሰተኛ ውጤት ነው። ቲፒኤችኤ አዎንታዊ፣ አርፒአር አሉታዊ ከሆነ ደግሞ ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች አሉ፤ የቆየና የታከመ በሽታ፣ ገና የጀመረ በሽታ ወይም ብዙ ዓመት የቆየ ያልታከመ በሽታ። እዚህ ላይ ከላቦራቶሪው ወረቀት ይልቅ የታማሚው ታሪክ ይወስናል።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። ቁስሉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ገና ፀረ እንግዳ አካል ስላላመረተ ሁሉም የደም ምርመራዎች አሉታዊ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያጠራጥር ቁስል ያለው ሰው «ነጻ ነህ» ተብሎ ከተላከ ከሳምንታት በኋላ መደገም አለበት። በተቃራኒው በሁለተኛው ደረጃ ፀረ እንግዳ አካሉ ከመጠን በላይ ስለሚበዛ ያልቀጠነ ሴረም አሉታዊ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሲያቀጥኑት አዎንታዊነቱ ይወጣል።

አንድ ምርመራ ብቻውን ለምን እንደሚያሳስት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ከ1000 ነፍሰ ጡሮች መካከል 10ሩ ቂጥኝ አለባቸው እንበል። ምርመራው አሥሩንም ይይዛል፤ ነገር ግን በሽታው ከሌለባቸው 990 ሴቶች 2 በመቶውን በስህተት አዎንታዊ ይላል። ያም 20 ያህል ይሆናል። አዎንታዊ ከተባሉት 30 ሴቶች መካከል በእውነት የታመሙት 10 ብቻ ናቸው ማለት ነው። ምርመራው «98 በመቶ ትክክል» ቢባልም አዎንታዊ ውጤት የደረሳት አንዲት ሴት የመታመም ዕድሏ ሲሶ ብቻ ነው። በሽታው ብዙ በማይገኝበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሁለተኛው፣ አረጋጋጭ ምርመራ ቅንጦት ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የትዳር ጓደኛሞች በአንድ ወረቀት ተጣልተው ከመለያየታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባም ነገር ነው። ሌላው መታወቅ ያለበት ስውር ቂጥኝ ከዓመታት በፊት፣ ከትዳሩም በፊት የተያዘ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ውጤቱ ብቻውን ማን ከማን እንደያዘው ወይም መቼ እንደሆነ አይናገርም።

በእርግዝና ጊዜ

የቂጥኝ ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው በፅንስ ላይ ነው። ባክቴሪያው በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል። እናቲቱ ካልታከመች ፅንሱ ሊጨነግፍ፣ ሞቶ ሊወለድ፣ ያለ ጊዜው ሊወለድ ወይም በተወለደ በጥቂት ቀናት ሊሞት ይችላል። ከሞት የተረፈው ሕፃን ሲወለድ ደህና መስሎ ቆይቶ በኋላ የአጥንት፣ የጥርስ፣ የዓይንና የመስማት ችግር ሊያሳይ ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 ቂጥኝ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች 1.1 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ ከ390,000 በላይ እርግዝናዎች በዚሁ ምክንያት ለጉዳት ተዳርገዋል።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ቀን አንድ ምርመራ፣ ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነም በዚያው ቀን አንድ መርፌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ጊዜ በፈጣን መመርመሪያ አዎንታዊ የሆነች ሴት አረጋጋጭ ምርመራ ሳይጠበቅ የመጀመሪያውን መርፌ እንድትወስድ ይመክራል። ይህ ከላይ ከተገለጸው ስሌት ጋር የሚጋጭ ቢመስልም ምክንያት አለው። በሽታው የሌለባት ሴት የምትወስደው አንድ ፔኒሲሊን የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ውጤት እንድትቀበል ተቀጥራ ሳትመለስ የምትቀር ሴት ግን ልጇን ልታጣ ትችላለች። ከጤና ጣቢያ ርቃ የምትኖር እናት ሁለት ጊዜ መመላለሷ እርግጠኛ አይደለም።

ኤች አይ ቪንና ቂጥኝን በአንድ የደም ጠብታ አብረው የሚመረምሩ መመርመሪያዎች አሁን በሥራ ላይ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በቅድመ ወሊድ ክትትል የመጀመሪያ ምርመራ እንዲሆኑ መክሯል። የእነዚህ መምጣት አንድ የቆየ ክፍተት ለመድፈን ይረዳል፤ በብዙ አገሮች እናቶች ለኤች አይ ቪ ሲመረመሩ ለቂጥኝ ሳይመረመሩ ይቀሩ ነበር። በኢትዮጵያ የቂጥኝ ምርመራ ከቅድመ ወሊድ ክትትል መደበኛ ምርመራዎች አንዱ ሲሆን፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ የማድረጉ ሥራ በአንድ አገር አቀፍ ዕቅድ ተይዟል።

የተወለደውን ሕፃን መመርመር አስቸጋሪ ነው። የእናቲቱ ፀረ እንግዳ አካላት በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፉ ሕፃኑ ሳይያዝም ደሙ አዎንታዊ ይሆናል። ስለዚህ ሐኪሞች የእናትንና የልጅን የአርፒአር መጠን ያወዳድራሉ፤ የሕፃኑ ከእናቱ በ4 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ሕፃኑ ራሱ ታሟል ማለት ነው። መጠኑ ባይበልጥም ሕፃኑ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። እናቲቱ ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን በፊት በፔኒሲሊን መታከሟና የሕፃኑ አካላዊ ሁኔታ ታይቶ ውሳኔ ይሰጣል።

ሌሎች የልየታ ቦታዎች

የሚለገስ ደም በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች ለቂጥኝ ይመረመራል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች፣ በሌላ የአባላዘር በሽታ የተያዙና ብዙ የወሲብ ጓደኛ ያላቸውም በየጊዜው እንዲመረመሩ ይመከራል፤ የቂጥኝ ቁስል ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል።

ለብዙ ኢትዮጵያውያን ግን የመጀመሪያው የቂጥኝ ምርመራ ከጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱም ሆኑ ዲቪን ጨምሮ ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን ቪዛ የሚያመለክቱ አዋቂዎች በሚያደርጉት የጤና ምርመራ ውስጥ ቂጥኝ አለ። በአሜሪካው አሠራር ያልታከመ ቂጥኝ ቪዛ ያስከለክላል፤ ታክሞ ያጠናቀቀ ሰው ግን በዚህ ምክንያት አይታገድም። ሁለተኛው ወገን ምርመራ ከዳኑም በኋላ አዎንታዊ ሆኖ ስለሚቀር መድኃኒቱ፣ መጠኑና ቀኑ የተጻፈበትን የሕክምና ማስረጃ ማስቀመጥ ለወደፊት ጥያቄ መልስ ይሆናል።

ላቦራቶሪ በሌለባቸው ጤና ተቋማት ሌላ ዘዴ ይሠራበታል። የብልት ቁስል ይዞ ለመጣ ሰው ቂጥኝን፣ ከርክርንና ሄርፒስን በአንድነት ታሳቢ በማድረግ በምልክቱ ብቻ መድኃኒት ይሰጣል። ታማሚው ሳይጉላላ በዚያው ቀን ስለሚታከም ዘዴው ብዙ ሰው ጠቅሟል። ነገር ግን ምልክት የሌለው ሰው ወደዚያ አይመጣም፤ ስለዚህ ስውር ቂጥኝን አይነካውም።

ሕክምና

የሚመረጠው መድኃኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። በጡንቻ፣ በተለይም በመቀመጫ ላይ ከተወጋ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ደም ስለሚገባ ዝግተኛውን ባክቴሪያ ለማጥፋት ይመቻል። ለመጀመሪያ፣ ለሁለተኛና ለቅርብ ጊዜ ስውር ቂጥኝ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት አንድ ጊዜ ይበቃል። የቆየ ወይም መቼ እንደያዘ የማይታወቅ ከሆነ ይኸው መጠን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ተከታታይ ሳምንት ይሰጣል። መርፌው ወፍራም ስለሆነ ያማል። ባክቴሪያው ወደ አንጎል፣ ዓይን ወይም ጆሮ ከገባ ቤንዛቲን በበቂ መጠን ስለማይደርስ ሌላው የፔኒሲሊን ዓይነት ለ10 እስከ 14 ቀን በደም ሥር ይሰጣል፤ ይህ ሆስፒታል መተኛት የሚጠይቅ ሕክምና ነው።

ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን፣ ለቆየው በሽታ እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላል። ነፍሰ ጡር ግን ዶክሲሳይክሊን አትወስድም፤ ፅንሱንም በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያክም ከፔኒሲሊን ሌላ የታወቀ መድኃኒት የለም። አለርጂ ያለባት ነፍሰ ጡር በሆስፒታል በጥቂት በጥቂቱ እየተሰጣት ሰውነቷ እንዲለማመደው ተደርጎ በፔኒሲሊን ትታከማለች። አዚትሮማይሲን ቀድሞ አማራጭ ነበር፤ በብዙ አገሮች ባክቴሪያው ስለተላመደው አሁን አስተማማኝ አይደለም።

መርፌው በተሰጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና የቁርጥማት ስሜት ሊመጣ ይችላል። ይህ ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ እንጂ አለርጂ አይደለም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል። አስቀድሞ ካልተነገራቸው «መርፌው ጎዳኝ» ብለው ቀሪውን ሳይወስዱ የሚጠፉ ታማሚዎች ስላሉ ባለሙያው ይህን ማስረዳት ይገባዋል።

ሕክምናው መሥራቱ የሚታወቀው በአርፒአር ነው። ለምሳሌ 1 ለ 32 የነበረው በዓመት ውስጥ ወደ 1 ለ 8 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሕክምናው ሠርቷል ይባላል። በአንዳንድ ሰዎች ቢድኑም ትንሽ መጠን ለዘለቄታው ይቀራል። የወሲብ ጓደኛ ካልታከመ ግን ክትትሉ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ባለፉት 90 ቀናት ከታማሚው ጋር ግንኙነት ያደረገ ሰው ምርመራው አሉታዊ ቢሆንም እንዲታከም ይመከራል።

ታሪክ

በአውሮፓ ቂጥኝ በወረርሽኝ መልክ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1495 ገደማ የፈረንሳይ ጦር ናፖሊን በያዘ ጊዜ ነው። ጣሊያኖች «የፈረንሳይ በሽታ»፣ ፈረንሳዮች «የናፖሊ በሽታ» አሉት፤ ማንም የራሱ ነው ያለ የለም። ለ4 መቶ ዓመታት ያህል ዋናው መድኃኒት ሜርኩሪ ሲሆን ከበሽታው ያላነሰ ጉዳት ያደርስ ነበር።

ሁሉም የተለወጠው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ፍሪትዝ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን በርሊን ውስጥ ባክቴሪያውን አገኙ። በ1906 አውጉስት ፎን ቫሰርማንና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ሠሩ። በ1910 የፓውል ኤርሊኽና የሳሃቺሮ ሃታ ሳልቫርሳን ገበያ ላይ ዋለ። ሳልቫርሳን ከአርሴኒክ የተሠራ ስለሆነ ራሱም መርዛማ ነበር። በ1943 ጆን ማሆኒ በኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ አራት ታማሚዎችን በፔኒሲሊን አከመ፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ቀስ በቀስ ተተዉ።

በዚሁ ጊዜ በአሜሪካ አላባማ ግዛት ታስኪጊ አካባቢ ከሕክምና ታሪክ አሳፋሪ ምዕራፎች አንዱ ይካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሳይታከም የቀረ ቂጥኝ ምን እንደሚያደርስ ለማየት 600 ጥቁር ወንዶችን መዘገበ፤ 399ኙ በሽታው ያለባቸው፣ 201ዱ የሌለባቸው ነበሩ። አብዛኞቹ ድሆች ገበሬዎች ነበሩ። «መጥፎ ደም» እንዳለባቸው ተነገራቸው እንጂ የበሽታውን ስም አልሰሙም። ለምርምር የሚደረገውን የጀርባ መርፌ ነጻ ልዩ ሕክምና ነው ተባሉ። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ መጨረሻ መደበኛ መድኃኒት ከሆነ በኋላም ሆን ተብሎ ተከለከሉ። ጥናቱ የቆመው በ1972 የቀድሞ ሠራተኛው ፒተር ባክስተን መረጃውን ለጋዜጠኛ ከሰጠና ታሪኩ በአሶሼትድ ፕሬስ ከወጣ በኋላ ነው፤ 40 ዓመት ቆይቷል። በ1974 በሰዎች ላይ የሚደረግ ምርምርን የሚገዛ ሕግ ወጣ፤ በ1997 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ዛሬ በምርምር የሚሳተፍ ሰው የሚፈርመው የፈቃድ ቅጽ ጥብቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ታስኪጊ ነው።

የአሁኑ ሁኔታ

ኩባ እ.ኤ.አ. በ2015 የኤች አይ ቪንና የቂጥኝን ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍ በማስወገድ ከዓለም ጤና ድርጅት ማረጋገጫ ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። በ2016 ታይላንድ ተከትላታለች። ሁለቱም ሀብታም አገሮች አይደሉም። በሌላ በኩል እጅግ ሀብታም በሆነችው አሜሪካ ቂጥኝ ይዟቸው የተወለዱ ሕፃናት ቁጥር በ2012 ከነበረው ከ10 እጥፍ በላይ ጨምሮ በ2022 ከ3,700 አልፏል። የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደገለጸው ከ10ሩ 9ኙን ያህል በወቅቱ በተደረገ ምርመራና ሕክምና መከላከል ይቻል ነበር።

የመድኃኒቱ አቅርቦትም አስተማማኝ ሆኖ አያውቅም። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትርፉ አነስተኛ ስለሆነ የሚያመርቱት ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው፤ አንዱ ፋብሪካ ሲቸገር ብዙ አገሮች አብረው ይቸገራሉ። በ2023 በአሜሪካ ሳይቀር እጥረት ተከስቶ ያለው መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ቅድሚያ እንዲሰጥ፣ ሌሎች አዋቂዎች በዶክሲሳይክሊን እንዲታከሙ ታዝዞ ነበር። ይኸው መርፌ በኢትዮጵያ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ለዓመታት በየወሩ ገደማ የሚወስዱት በመሆኑ እጥረት ሲመጣ ሁለቱን የታማሚ ወገኖች እኩል ይነካል።